ሽማግሌ የተላከበት ፈተና

እኔ ጥሩአየሁ ኩርፊያ አላውቅም። ሁሩሙ ገበያ ጨውና በርበሬ የሚሸጥ ሰው ዛሬ ቢጣላ ነገ መታረቁ አይቀርም። የልጄ የዶሪ የባዮሎጂ መምህር አላሳልፋትም ሲለኝም የማውቀውን አደረግኩ፤ ሽማግሌ ላክሁበት። ለፈተና ሽማግሌ ይላካል ወይ ብላችሁ አትሳቁብኝ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ዶሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ስትማር አንደኛ ነበረች። ዘጠነኛ ስትገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነና ልጄ ድምፅዋ ጠፋ። አባቷ ነገራ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው፤ "ዘንድሮ ከወደቀች ትምህርቱ ይብቃት፣ ገበያ ካንቺ ጋር ትዋል" ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እኔ ገበያው ምን እንዳደረገኝ ስለማውቅ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ሌላውን እንደምንም አለፈች፤ ሰኔ ላይ ግን ዶሪ የባዮሎጂ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ከአርባ አሥራ አራት! ማለፊያው ሃያ ነው።

"አላጠናሽም እንዴ አንቺ?" ብዬ ጮህኩባት። ግን ማጥናቷንማ አውቃለሁ፤ በርበሬ ስቀነጥስ አጠገቤ ተቀምጣ ቅጠል በፀሐይ ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ስታስረዳኝ ነው የከረመችው። እኔ እንኳን ገብቶኛል።

"ጥያቄው ነው ያልገባኝ፣ እማዬ። ስለ ቅጠል ይጠይቅ ስለ ደም አለየሁትም።"

"ታዲያ በምን መለስሽ?"

"በቁመቱ። ረጅሙን ምርጫ አከበብኩ።"

"ረጅሙ ምን አለው?"

"ክፍሉ በሙሉ ረጅሙን ነው የመረጠው። ውሸቱን ማን ይህን ያህል ያረዝመዋል ብለን ነዋ!"

ወይ ጉዴ! በማግስቱ ቲቸር ሮብሳን ዘንድ ሄድኩ። የመቱ ልጅ ነው፣ ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው። "እትዬ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕጉ ነው" አለኝ።

"ልጄን የፈተንካት ባዮሎጂ ነው እንግሊዝኛ?"

"ሁለቱንም" አለኝ፣ ሳያፍር። ደሜ ፈላ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ዲበኩሉንና ኦቦ ቀኖን ይዤ፣ ዶሪን አስከትዬ፣ ቲቸሩ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ሄድኩ። እነዚህ ሁለቱ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት ድንበር በሁሩሙ የለም። የቤቱ ባለቤት እትዬ መንበረ ሽማግሌ ስታይ ክው አለች። "ልጄ፣ ከማን ተጣላህ?" ብትለው "ከማንም" ይላል። "ከማንም ያልተጣላ ሰው ቤት ሽማግሌ ምን ሊያደርግ ይመጣል?" ብላ ገላመጠችው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ ቲቸር።

"እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አለ ኦቦ ቀኖ። ወጉ ነው። ሽማግሌ ቆሞ እሱም መቀመጥ ነውር ሆነበት፤ ሁላችንም ተገትረን ቀረን። ጋሼ ዲበኩሉ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ያቃስታል።

"እንግዲህ ልጄ" አለ ኦቦ ቀኖ፣ "አንተ አሥራ አራት ትላለህ፤ እናቲቱ አርባ ትላለች። አንተም ከፍ በል፣ እሷም ዝቅ ትበል። ሃያ ሰባት ላይ ታረቁ።"

"ማርክ የድንበር ክርክር ነው እንዴ፣ አባቴ?"

"ኧረ ሃያ ይበቃል" አለ ጋሼ ዲበኩሉ፣ ጉልበቱ እያስቸኮለው። እኔ በሆዴ ሃያም ትሁን፣ ብቻ ትለፍልኝ እላለሁ።

ይሄኔ ዶሪ ከኋላዬ ወጣች። "እኔ የልመና ማርክ አልፈልግም" አለች። "በምሰማው ቋንቋ ይጠይቁኝ። ከዚያ ብወድቅ ገበያ እወርዳለሁ።"

ልቆነጥጣት እጄን ሰደድኩ። የተቆረጠልንን ልታፈርሰው ነዋ! ቲቸር ሮብሳን ግን "አንቺን ብቻ ብጠይቅ ለሌሎቹ ግፍ ነው" አለ። "ማርኩን ገና አላስገባሁም። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ክፍሉን በሙሉ በአዲስ ጥያቄ እፈትናለሁ። ጥያቄውን በኦሮምኛም አብራራለሁ፤ መልሱን በፈለጉት ይጻፉት። ረጅም ምርጫ የሚባል ግን የለም።"

"እሺ ብሏል!" ብሎ ጋሼ ዲበኩሉ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

በፈተናው ቀን ገበያዬን ትቼ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፌ ዋልኩ። የቲቸሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በኦሮምኛ ያብራራል። የልጄን ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ፈተና በጽሑፍ መሆኑን እንኳን ጭንቀት አስረስቶኛል።

ውጤቱ ሲነገር ዶሪ ሮጣ መጣች። ሠላሳ አንድ! እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ጎረቤት ልጅ የዳርኩ መስሎት ወጣ። ነገራ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀብሎ ትክክል የተባሉትን ሁሉ አልፎ፣ ቀይ ኤክስ ከተሰመረባቸው ጥያቄዎች አንዷ ላይ ጣቱን አሳረፈ። የኩላሊት ጥያቄ ናት።

"ይቺስ? በይቺም ቋንቋው ነው የጣለሽ?"

ምናለ ዝም ብትል እያልኩ ዓይን ዓይኗን አያታለሁ።

"አይ አባዬ፣ እሷ እንኳን በደንብ ገብታኛለች። አላጠናኋትም" አለች ዶሪ። ይባስ ብላ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ደስ ብሎኝ ነው። ይቺኛዋ የራሴ ጥፋት ናት።"

ነገራ ወረቀቱን መለሰላትና ጋቢውን እያስተካከለ ተነሳ።

"እንግዲያ ለከርሞ አጥኚያት" አለ።