ድንች ነው የተሸከምነው

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለችው ቀበሌ ጤና ጣቢያ፣ ለልምምድ የመጣ ተማሪ ሁሉ ጊዜው ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ተመርቆ የተመለሰ ግን አልታየም። አገሬው ተማሪዎቹን የሚያያቸው እንደ በልግ ደመና ነበር፤ ጥላቸው ደስ ይላል እንጂ አይውሉም።

ለአዋላጅነት የምትማረዋ ናርዶስ ስትመጣ ግን ሽማግሌው አቶ ኪዳኑ «ይቺንስ አንሰጥም» ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው መክሮ መክሮ በዝምድና እንያዛት አለ። እሷ እጅ ላይ ሴት ልጅ የወለደ ሁሉ ናርዶስን ክርስትና እናት እንዲያደርጋት ተወሰነ። ሰው አበልጁን ጥሎ የት ይሄዳል? ያ ዓመት ደግሞ እግዚአብሔር ሴት ልጅ ያበዛበት ሆነና ናርዶስ የአገሩ ሁሉ አበልጅ ሆና አረፈችው።

ቀጥሎ ኮሚቴው ሁለተኛ ዘዴ አመጣ፤ እዚሁ እንዳራት ተባለ። ይኼኔ ቄስ ባንተአምላክ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ለማን?» አሉ።

«ጎረምሳ ሞልቷል እኮ፣ አባ።»

«ሞልቷል። ግን አበልጅ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፤ አይጋባም። እስቲ እህቱን ወይ የእህቱን ልጅ ክርስትና ያላነሳችለት ጎረምሳ ፈልጉልኝ።»

ቢፈለግ ቢፈለግ የተረፈው ይሄይስ ብቻ ሆነ። በገዛ እጃቸው አገሩን ሁሉ አጥረውባታል።

ይሄይስ የፋና ታናሽ ወንድም ነው። ፋና ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ውስጥ ስትወልድ ደም ፈስሷት ሞትን አይታ የተመለሰች ሴት ናት። ይኼኛውን ናርዶስ እጅ ላይ እወልዳለሁ ብላ ነበር ልቧን አሳርፋ የከረመችው። ምጡ ሲይዛት ግን ደጃፏ ላይ ኮሚቴው ቆሞ አገኘችው።

«እንጅባራ ሆስፒታል እንወስድሻለን» አሉ አቶ ኪዳኑ።

«ጤና ጣቢያው እዚህ አፍንጫችን ሥር እያለ?»

«እሱማ አለ። እሷ እጅ ላይ ሴት ከወለድሽ ግን ይሄይስም አበልጅ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ሙሽራ የለንም።»

«ታዲያ ሌላ ሴት ክርስትና ታንሳታ።»

«ውሳኔ ነው እኮ፣ ልጄ። ላንቺ ብለን ብንሽር ነገ ሁሉም ሻሩልኝ ይላል።»

«ወንድ ከሆነስ?»

«ሴት ከሆነችስ?» አለ ይሄይስ፣ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ። አፍሯል።

«አንተ፣ ለመሆኑ ናርዶስ ታውቃለች?» አለችው ፋና።

«ሲያልቅ ይነገራታል ተብሏል።»

ፋና በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ አንድ ነገር ተናገረች፤ ቄሱ እንዳልሰሙ ሆኑ። ደረሰ የሚባለው ባሏ አፉን ከፈተና ሽማግሌዎቹን አይቶ መልሶ ዘጋው።

እንግዲህ አዋላጅ ለማስቀረት ሲባል ወላድ ከአዋላጅ ልትሸሽ ነው። ቃሬዛ ላይ አጋደሟት፤ በጋቢ ሸፈኗት። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ ግን የሚያልፈው በጤና ጣቢያው በር ነው። ኮቴያቸውን አጥፍተው ደረሱ። ናርዶስ በሩ ላይ ቆማ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ምንድን ነው የተሸከማችሁት?»

ሁሉም ወደ አቶ ኪዳኑ ዞረ።

«ድንች ነው» አሉ።

«በቃሬዛ?»

«የዘር ድንች ነው፣ ሲስተር። እንዳይጎዳ ብለን ነው።»

ድንቹ አቃሰተ። ናርዶስ ቀረብ አለች።

«ያመዋል እንዴ?»

«መንገዱ አንገላቶት ነው» አለ ይሄይስ።

ፋና ጋቢውን ከፊቷ ገለጠች። «ሲስተር፣ ልወልድ ነው። እነዚህ አንቺን ሊድሩ ብለው እኔን ሊገድሉኝ ነው። አውርዱኝ።»

አላወረዷትም። «ኮሚቴው እኮ...» ብለው ጀመሩ አቶ ኪዳኑ። ያን ጊዜ ባሏ ደረሰ፣ እስከዚያች ሰዓት ቃል ያልተነፈሰው፣ የያዘውን የቃሬዛ ጫፍ ቀስ አድርጎ መሬት አስነካ። አንዱ ጫፍ ከወረደ የቀሩት ምን ያደርጋሉ? አወረዱ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፋና ተገላገለች። ደሙ እንደ ፊተኛው ሊፈስ ሲል ናርዶስ ሆዷን አሽታ፣ መርፌ ወግታ አቆመችው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ ቄስ ባንተአምላክ ከደጅ። «ምንድን ነው?»

«ሴት ናት።»

አቶ ኪዳኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሄደች በቃ» አሉ።

«ማን ነው የሄደው?» አለች ናርዶስ ብቅ ብላ።

ነገሩን ከሥሩ ነገሯት። ሰምታ ስታበቃ፣ «እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ?» አለች።

መጠየቅ በኮሚቴው አጀንዳ አልተያዘም ነበር።

«እኔ ልጠይቅሽ» አለች ፋና ካልጋዋ ላይ። «ምን ቢደረግልሽ ትቀሪያለሽ?»

«ማዋለጃው ውሃ ይግባለት። የምተኛበት ቤት ደግሞ ቁልፍ ያለው በር ይኑረው፤ አሁን በሩን አግዳሚ ወንበር አስደግፌ ነው የማድረው። ይሄ ከሆነ ስመረቅ እዚህ መድቡኝ እላለሁ።»

አቶ ኪዳኑ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «ውሃውስ ይሁን» አሉ። «ቁልፍ ያለው በር ከሰጠናት ግን ቆልፋው ብትሄድስ?»

«አያ ኪዳኑ፣ እርስዎ ቤትዎን ቆልፈው ዳንግላ ገበያ ሲወጡ አይመለሱም?» አለች ፋና።

ሽማግሌዎቹ ይሄ ምክር ያስፈልገዋል ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሄዱ። ደረሰ አልተከተላቸውም። ልጁን አንዴ አቀፋት፣ ለእናቷ መለሳትና አናጢ ሊጠራ ቁልቁል ወረደ።