የተቀሰረው ጣት

«ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ!»

እትዬ እማዋይሽ ብርድ ልብሱን በጠጂቱ ራስ ላይ ጥብቅ አድርገው ያዙ። ከሥሩ አሮጌ መጥበሻ ተቀምጧል። በመጥበሻው የሺሻ ከሰል ፍም፣ በፍሙ ላይ ደግሞ እትዬ ከአገር ቤት በሰው እጅ ያስመጡት የቡዳ መድኃኒት ይጨሳል። ጠጂቱ መናገር ፈለገች፤ የምትናገርበት ትንፋሽ ግን አልነበራትም። የገባው አልወጣ ብሎ፣ አዲሱ መግቢያ አጥቶ፣ ደረቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮሃል።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ኸማሲን የሚሉት የምድረ በዳ ነፋስ ካይሮን በቢጫ አቧራ ሸፍኗት ነበር። ጠጂቱ ከገበያ ስትመለስ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ማፏጨት ጀመረች፤ ቤት ገብታ ወደቀች።

ሐዳይቅ አል-መዓዲ ያለው ይህ ቤት የዕረፍት ቤት ነው። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ሴቶች አዋጥተው ይከራዩታል፤ ዓርብ ዓርብ ተሰብስበው ይበሉበታል፣ ይስቁበታል፣ ያለቅሱበታል። እትዬ እማዋይሽ ለሥራ ስላረጁ ቤቱን እየጠበቁ ይኖራሉ። ጠጂቱም ከሥራ ከተባረረች ወዲህ እዚያው ታድራለች።

በሽታዋ አስም መሆኑን እሷ ታውቃለች። ሐኪም ነግሯታል፣ በአፍ የሚነፋ ፓፍም ሰጥቷታል። ግን ደረቷን የሚያማትን ሠራተኛ ማን ይቀጥራል ብላ ደበቀችው። መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ውሃ እየለቀቀች ነበር የምትነፋው። የቤቱ ሴቶች ስለማያውቁ ደህና የነበረች ሰው ድንገት ስትወድቅ ያዩት ቡዳ ብቻ ነው። ያ ፓፍ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቦርሳው ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ጠጂቱ እንደምንም ብርድ ልብሱን ገፍታ አንድ እጇን አወጣች። ጣቷን ወደ ቦርሳው ቀሰረች።

ከቦርሳው ፊት ጽጌ ቆማ ነበር። ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ይኸው! ጠቆመቻት!» አለች ኑሀሚን፣ ከሴቶቹ ሁሉ ትንሿ።

ሁሉም ወደ ጽጌ ዞሩ።

«እኔ? እኔ ምን አደረግኩ?» አለች ጽጌ።

እትዬ እማዋይሽ መቀስ አንስተው ሄዱና የሻርፗን ጫፍ ቆረጡ። የበላው ሰው ልብስ ሲታጠን ቡዳው ይለቃል ይባላል። ቁራጩን ፍሙ ላይ ጣሉት። በጥንቱ ዘመን ልብስ ጥጥ ነበር። የጽጌ ሻርፕ ናይሎን ነው። ጥቁር፣ የሚያንቅ ጢስ ወጣ፤ ጠጂቱም ከዚያ ወዲያ ማንንም አላየችም።

ያተረፋት ሙክታር ነው። ከታች ፎቅ የሚኖር የባሌ ሰው፣ ቱክቱክ ነጂ። የተቃጠለ ሽታ ሸትቶት በሩን ገፍቶ ገባ። ብርድ ልብሱን ገፈፈ፤ ሴቶቹ ሲጮሁበት አልሰማቸውም። በክንዱ ታቅፏት ደረጃውን ወረደ። ጥግ ያለው ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቱን እንደ ጭጋግ የሚተፋውን ጭንብል አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት። ትንፋሿ ቀስ እያለ ተመለሰ። ያንጊዜ መጀመሪያ ያሰበችው እግዚአብሔርን አልነበረም። የጽጌን ፊት ነበር፤ ሁሉም ሲዞሩባት የነበረውን ፊት። ከጭንብሉ ሥር ፈገግ አለች።

ቂሙ እንዲህ ነው። ጠጂቱ ሸይኽ ዛይድ በሚባለው ሰፈር፣ በአጥር በተከበበ ግቢ ውስጥ አንዲት ማዳም ዘንድ ብዙ ዘመን አገልግላለች። የማዳሟን ልጅ ከአራስነቱ አሳድጋለች። ጽጌን እዚያው ግቢ ያስቀጠረቻት እሷ ናት፤ ወጡን፣ ብረት መተኮሱን፣ የማዳሟን ጠባይ ያስተማረቻት እሷ። አስሟንም የነገረችው ለእሷ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ማዳሟ ከሩቅ ቆማ፣ አፏን ሸፍና፣ «ኸላስ» አለቻት፤ በቃሽ ማለቷ ነው። ልብሷ በር ላይ ጠበቃት። ሕፃኑ ከውስጥ ስሟን እየጠራ ሲያለቅስ ሰማች፤ አልከፈቱለትም። በማግስቱ በእሷ ቦታ ጽጌ ገባች። የግቢው ዘበኛ ነው የነገራት፦ «ጓደኛሽ የሳንባ ነቀርሳ አለባት ብላ ነው። ልጁን ታስይዘዋለች አለች።»

ጠጂቱ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ማን ያምናታል? ሆዷ ውስጥ ቀበረችው፤ የተቀበረው ግን አልበሰበሰም።

ካገገመች በኋላ ያለውን ሳምንት በትራስ ተደግፋ አሳለፈችው። ስትጋደም ደረቷ ስለሚዘጋ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። እትዬ እማዋይሽ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቀሉ፣ የምስር ሾርባ ሠሩላት።

«ጢሱ ነው ያዳነሽ» ይላሉ እያጎረሷት። «ልብሷ ሲነድ ለቀቀሽ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጠጂቱ ትጎርሳለች።

ወሬው በየቀኑ ይመጣላታል። ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ስትቀመጥ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ግቢው ውስጥ ያሉት የአገር ልጆች ከእሷ ጋር ሊፍት አይገቡም። ኑሀሚን በስልክ ያወራችው ሀረም ሰፈር ድረስ ደርሷል። ከእንግዲህ የዕረፍት ቤትም አታገኝም፤ ቡዳ የተባለችን ማን ያስጠጋል? ጠጂቱ እያንዳንዱን ወሬ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ታሟሟዋለች። «ቦርሳዬን ነው የጠቆምኩት» ማለት ብቻ ነበር የቀረባት። አላለችም።

ሙክታር ሎሚ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፦

«አንቺ ሴትዮ፣ ቱክቱኬ ላይ ሞተሽ ቢሆን ፖሊስ የማንን ንብረት ይወስድ ነበር?»

«ያንተን ነዋ።»

«አየሽ! ስለዚህ እንዳትሞቺ።» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስም ነው ያለብሽ። የናቴም እንዲሁ ነበር። ለምን አትነግሪያቸውም? ያቺ ልጅ በከንቱ ትታማለች።»

«እኔ ስታማ የት ነበርክ?»

ሙክታር አያት። ሎሚውን አስቀምጦ ወጣ።

ማታ ማታ እትዬ እማዋይሽ ይጸልያሉ። ጠጂቱ ከንፈሯን አታንቀሳቅስም።

«ምነው ጸሎት ተውሽ፣ ልጄ?»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፣ እትዬ? እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ።»

አሮጊቷ የቀለደች መስሏቸው ሳቁ።

ዓርብ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ጽጌም መጣች። ሰላምታዋን አንድም ሰው በሙሉ አፉ አልመለሰም። በእጇ ሳህን ይዛለች፤ ሩዝ በወይን ቅጠል ጠቅልላ፣ ግብፆቹ ማሕሺ የሚሉትን ሠርታ። ወለሉ ላይ፣ ከሌላው ምግብ መሐል አስቀመጠችው። ኑሀሚን የራሷን እንጀራ ወደዚያ ሳብ አደረገች። ጽጌ አይታ እንዳላየ ሆነች፤ መጥታ ከጠጂቱ ራስጌ ተንበረከከች።

«ቦርሳሽን ነበር የጠቆምሽው» አለች በሹክሹክታ። «ማንጠልጠያው ጀርባዬን ሲነካኝ ነበር። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እና ንገሪያቸዋ! በእመብርሃን! ሰው ሆኜ መኖር አልቻልኩም።»

«መጀመሪያ አንቺ ንገሪያቸው። ስለ ደረቴ ለማዳም ያልሽውን።»

የጽጌ ፊት ተለወጠ። «እሱ... ያዕኒ... ማለቴ፣ ጠየቀችኝ። ታስላለች ነው ያልኩት።»

«ነቀርሳ አልሽ።»

«ጠጂቱ፣ ማሌሽ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ማሌሽ እግር ለረገጠ ነው። የሰው እንጀራ ለረገጠ ማሌሽ የለም። ተነሺና ተናገሪ።»

ጽጌ ተነሣች። ሁሉም እንዲሰሙ ተናገረች፤ ጠጂቱ አስም እንዳለባት ታውቅ እንደነበር፣ ለማዳሟ ግን ነቀርሳ ነው እንዳለች፣ ቦታውን ፈልጋ እንዳደረገችው። እናቷ አገር ቤት ታማባት እንደነበርም ጨመረች፤ ያን የሰማላት የለም። «አስም» ያለችውንም የሰማ የለም። የሰሙት ሌላውን ነው።

«በምላሷም በላቻት!» አሉ እትዬ እማዋይሽ ደረታቸውን እየመቱ። «አልበቃ ብሏት ደግሞ በዓይኗ!»

«ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አለች ኑሀሚን። «ቡዳ! ዛሬውኑ ውጪ!»

ጽጌ ወደ ጠጂቱ ዞረች። የተጠየቀችውን ፈጽማለች፤ አሁን ተራው የጠጂቱ ነው። አንዷ ሴት ቀድሞውኑ የጽጌን ልብስ ከመደርደሪያው እያወረደች ነበር።

ጠጂቱ ተመለከተቻቸው። ከእሷ የሚፈለግ ምንም የለም፤ ዝም ማለት ብቻ። በቀሏ ያለ ድካም፣ በሰው እጅ ሊፈጸምላት ነው። ልቧ ግን እንዳሰበችው አልረካም። አንድ ነገር ቆረቆራት። «ቡዳ! ቡዳ!» ነው የሚሉት። የማዳሟን ነገር ከመቼው ረሱት! ነገ ሰው የሚያወራው ዓይኗ ክፉ ስለሆነች ሴት ነው፤ ጓደኛዋን ስለሸጠች ሴት አይደለም። ጽጌም ራሷ ሲከፋት፣ «በሐሰት ቡዳ ብለው አባረሩኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ ያም እውነት ይሆናል፤ በዚያ እውነት ሥር ሌላውን ትቀብረዋለች።

ይህን አልፈቀደችላትም።

«ቆዩ» አለች። «ጽጌ፣ በሩ ጋ ሂጂ። ያን ዕለት የቆምሽበት ቁሚ።»

ጽጌ ሄዳ ቆመች። ጠጂቱ ክንዷን ዘርግታ ጣቷን ቀሰረች። ሁሉም እንደዚያን ዕለቱ ወደ ጽጌ ዞሩ።

«አሁን ፈቀቅ በይ።»

ጽጌ ፈቀቅ አለች። ከኋላዋ፣ ሚስማሩ ላይ፣ ጥቁሩ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። የጠጂቱ ጣት ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እትዬ፣ ጣቴ ምን ላይ ነው ያረፈው?»

አሮጊቷ ጣቱን አዩ፣ ቦርሳውን አዩ።

«አምጪልኝ» አለች ጠጂቱ። ጽጌ ቦርሳውን አውርዳ ሰጠቻት። ጠጂቱ ፓፉን አወጣች፣ ነቀነቀችው፣ በሁሉም ፊት ነፋች። ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ሰው ፊት ስትነፋ የመጀመሪያዋ ነው።

«አስም ነው። እሷ ስትናገር አልሰማችኋትም። ይህን ነበር አቀብሉኝ የምላችሁ፤ እናንተ አጠናችሁኝ።»

እትዬ እማዋይሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን! በእጄ?»

«በክፋት አላደረጉትም፣ እትዬ። ቡዳም የለም። እሷ ቡዳ አይደለችም።» ወደ ጽጌ ዞረች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ቡዳ ብትሆን ይቅር እላት ነበር። ቡዳ ሳይወድ ነው የሚበላ ይባላል፤ ከናት ካባቱ የወረሰው ነው። አንቺ ግን ወድደሽ ነው። አስበሽ። እንደ ሰው።»

ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። ያንን ልብስ ስታወርድ የነበረችው ሴት ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ እጃቸውን የሰደዱት እትዬ እማዋይሽ ናቸው። ቤቱ የሚያውቀው የይቅርታ መንገድ አብሮ መብላት ነው። ከማሕሺው አንዱን አንስተው ጎረሱና ጽጌን ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ሌላዋም አነሣች። ኑሀሚን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አንድ ወሰደች። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ጠጂቱ ጋ ደረሰ።

ሳህኑን ታውቀዋለች። የማዳሟ ሳህን ነው። ከንፈሩ ላይ ያለው ሽርፋት፣ እሷው ስታጥብ የሠራችው።

«ሥጋ የለበትም» አለች ጽጌ እንባዋን እየጠረገች። «የጾም ነው። በዘይት ብቻ።»

«አውቃለሁ» አለች ጠጂቱ። «አጠቃለሉን ያሳየሁሽ እኔ ነኝ።»

ከማሕሺው ሳትነካ ሳህኑን አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት አሳለፈችው።