ጀልባዋን ውሃ ማጠጣት

ባለቤቴ መንጠቆ የምትሞክረው በጥፍሯ ነው። ጫፉን አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ታሳርፍና ቀስ ብላ ትጎትተዋለች፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ወደ ሞረድ ይመለሳል፤ ጥፍሯን ከያዘ ስል ነው፣ ቡሽ ላይ ይሰካል። ክሩን ደግሞ በከንፈሮቿ መሃል አሳልፋ ትፈትሸዋለች፤ ጣት የማያገኘውን ጭረት ከንፈር ያገኘዋል ትላለች። ቋጠሮ ከማጥበቋ በፊት በምራቋ ታረጥበዋለች፣ ናይለን ደርቆ ከተጎተተ ይቃጠላልና። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከክር ጋር ስኖር፣ ክር ሲቋጠር ይቃጠላል ብሎ የነገረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

በሰፈሩ “መርፌው” ይሉኛል። ውሃ እፈራለሁ፣ አልደብቅም። ገላዬን ስታጠብ እንኳ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ። ፈጣሪ ሲያላግጥ ግን ከሐይቁ ዳር፣ ያውም የዓሣ አጥማጅ ልጅ አጋባኝ። ሳሎናችን ግማሹ የኔ የስፌት መኪናና የተቆረጠ ጨርቅ፣ ግማሹ የእሷ መረብና ቡሽ ነው። የደንበኛ ሱሪ ውስጥ መንጠቆ የተገኘበት ቀንም ነበር፤ ደንበኛው ተመልሶ አልመጣም፣ እኔም አልፈረድኩበትም።

ነገሩ የጀመረው አማቴ ስለ ጀልባዋ ቁርጡን የተናገሩ ቀን ነው። ጀልባዋ የእንጨት ናት፣ እሳቸው በጉልምስናቸው ያሠሯት። ጥሩ ሞተር አላት። አማቴ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ውሃ አልወረዱም፤ ጀልባዋም ከቤቱ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ተጋድማ ሁለት በጋ ደረቀች። በዚህ መሃል ባለቤቴ በሰው ጀልባ ላይ መረብ እየጎተተች፣ የሰው ትእዛዝ እየሰማች ትኖራለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ “አባዬ፣ ጀልባዋን ስጠኝ፤ የራሴን ሥራ ልሥራ” አለቻቸው።

ታላቅ ወንድሟም እዚያው ነበር። እሱም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጀልባው ፋይበር ሲሆን ሞተሩ ግን እንደ ሽማግሌ እያሳለ መሃል ሐይቅ ላይ ይቆማል። ሰው ሁሉ “ፈጣኑ” የሚለው ሊያሾፍበት ነው። የአባቱን ሞተር ሲመኝ ከረመ።

አማቴ ሁለቱንም አዩና፣ “ዓሣው እንዲራባ የታወጀው የማጥመድ እገዳ የሚነሳ ዕለት ጀልባዋን አውርጃት” አሏት። “ውሃ ሳታስገባ ከቆመች ከነሞተሯ ያንቺ ናት። ካፈሰሰች ግን ሞተሩን ወንድምሽ ይውሰድ፤ እንጨቷ ለዶሮ ቤት ይሁን። የምታፈስ ጀልባ ስሜን ይዛ ውሃ ላይ አትውልም።”

የእሳቸው ስም ማለት ይህቺው ጀልባ ናት። በሐይቁ ዳር ሁሉ የሚወራላቸው፣ ጀልባቸው አንዲት ጠብታ አስገብታ አለማወቋ ነው። ምስጢሩን ለጠየቃቸው ሁሉ አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ፤ ስንጥቁን በጥጥ ጠቅጥቅ፣ ጨክነህ ጠቅጥቅ፣ ከላይ ቅጥራን ቀባ። አንድ ጎረቤታቸው ቃል በቃል ሰምቶ የደረቀ ጀልባውን ጠቀጠቀና፣ ውሃ በወረደ በሳምንቱ የጀልባው ጎን ፈንድቶ ተሰነጠቀ። አማቴ፣ “እጅ ነው እንጂ ምክሩማ ያው ነው” ብለው አለፉት። ጎረቤትየው እስከ ዛሬ እጁን እያየ ይተክዛል።

ከባለቤቴ ጋር ወደ ጓሮው ሄደን ቆርቆሮውን አነሳን። በሳንቆቹ መሃል ብርሃን ይታያል፤ ጣቴን ሰድጄ በወዲያኛው በኩል አወዛወዝኩት። እሷ አልደነገጠችም። ወስፌዬን ተቀብላኝ እንጨቱን እየወጋጋች ዞረች። ወስፌው የማይገባበት ሳንቃ ጤነኛ ነው፤ እንደ ቂጣ የተቀበለውን አንድ ሳንቃ አውጥታ በአዲስ ተካች። የዛገ ምስማር ነቅላ የመዳብ መታች። ሞተሩን ከጀልባዋ ፈትታ አወረደች፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ ፋቀች፣ የከረመውን ቤንዚን ደፋች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ምስማር አቀብላለሁ። ስታምርብኝ ደግሞ! ግንባሯ ላይ ዝገት፣ ጥርሶቿ መሃል ሁለት ምስማር፤ የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲህ አላማረችም።

ስንጥቆቹ ግን እንደተከፈቱ ናቸው። እኔም የወንድ ወጉ ይድረሰኝ ብዬ አንድ ጆንያ ጥጥ ገዝቼ መጣሁ። መጠቅጠቅ ስጀምር እጄን በሞረዱ እጀታ መታችኝ።

“ተው! ልትገድላት ነው?”

“አባትሽ የሚሉትን ነው የማደርገው።”

“እንጨቱ ደርቆ ከሳ እንጂ አልሞተም። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። አሁን ቦታውን በጥጥ ከሞላህበት፣ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ጎኗን ይሰብራል። አንተ ጥጥ ጨርቅ ሳትነክር ትቆርጣለህ?”

ሳልነክር ቆርጬ አላውቅም፤ ያልተነከረ ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ ታጥቦ ስንት ሰው እምብርቱን አሳይቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄው ነው። “ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?” አልኳት።

“ላሰጥማት ነው” አለች።

ተጣላን። ጮህኩባት፣ ጮኸችብኝ፣ ጥጡን አንስቼ ወረወርኩ፤ ጥጥ ሲወረወር ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ንዴት አይወጣለትም። በመጨረሻ አጠገቧ ተቀመጥኩና የነገሩን ሥር ነገረችኝ።

አማቴ በየዓመቱ እገዳው ሲታወጅ ጀልባዋን ወደ ጓሮ ያወጡና ዘመድ ጥየቃ ይሄዱ ነበር። እገዳው ሊነሳ ሲል እናቷ ባለቤቴን ይጠሩና ጀልባዋን በተንከባላይ ግንድ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ያወርዳሉ፤ ከሥሯ ያለውን የቀዳዳዋን ውታፍ ያወጣሉ፣ ድንጋይ ይጭኑባታል፣ እንጨቱ እስኪጠግብ ሰጥማ ትሰነብታለች። ከዚያ አውጥተው ያጥቧታል። አማቴ ሲመለሱ ስንጥቁ ሁሉ ገጥሞ ይጠብቃቸዋል። እሳቸውም ላይ ላዩን ጥጥ ነካ ነካ፣ ቅጥራን ቀባ ቀባ ያደርጉና ምስጋናውን ይቀበላሉ።

“ለምን አልነገሯቸውም?”

“እንደተጋቡ ነግራው ነበር። የእማዬ ቤት የልብስ ማጠቢያው የእንጨት ገንዳ ነበር፤ ሲደርቅ ያፈስሳል፣ ሲነከር ይገጥማል። ጀልባስ ምንድን ናት፣ ውሃው በውጭ የሆነ ገንዳ አይደለች? አለችው። እሱ ጀልባ የምታሰጥም የዓሣ አጥማጅ ሚስት አገኘሁ ብሎ በየመንገዱ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ እሱም ደስ ይበለው፣ ጀልባዋም አታፍስስ ብላ ዝም አለች። ለኔም አትንገሪው ብላኛለች።”

ይህን ስሰማ ልቤ በሁለት ሴቶች ተሞላ። አንደኛዋ አጠገቤ ናት፣ ሌላዋን ከእንግዲህ ላመሰግናት አልችልም።

አሰጠምናት። አሰጠምናት ስል እኔ ከዳር ሆኜ ገመድ ያዝኩ፤ እሷ እስከ ደረቷ ገብታ፣ እናቷ ሐይቁ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ይወቅጡባቸው የነበሩትን ድብልብል ድንጋዮች አንድ በአንድ ጫነች። ውሃው በየስንጥቁ እየተንፎለፎለ ገባ፣ ጀልባዋ አቃሰተችና ወረደች። አፍንጫዋ ብቻ ከውሃ በላይ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ አየ። ከሩቅ እየሳቀ መጣ። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!” ብሎ ተረተብን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሞተሩ በዓይኑ ላይ ዞሯል። ወዲያው አባቱን ደግፎ አመጣ።

አማቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ያቺን ከውሃ የወጣች አፍንጫ አዩና ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

“ምንድን ነው ያደረግሽው?”

“ውሃ እያጠጣኋት ነው፣ አባዬ።”

“ጀልባ ውሃ አትጠጣም! ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ነው ያቆየኋት። ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?”

ባለቤቴን አየኋት። አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ትወጣለች፤ ግን የእናቷ አደራ አለባት፣ የሽማግሌው ስምም አለ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ።

“በቤታችን ነው ያየሁት” አለች ዝቅ ብላ።

“በየትኛው ቤት? በኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! በኔ ቤት…” አሉና ቆሙ። ዓይናቸው ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ የተለጠፈው ጭቃና የውሃ ሣር ላይ ቀረ። ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። “ከዘመድ ጥየቃ ስመለስ ሁልጊዜ ጀልባዋ ሥር ጭቃ አገኝ ነበር።”

“ታዲያ የኔን ጆሮ አልነበር የምትጎትተው!” አለ ፈጣኑ። “እኔ ውሃ ላይ አላወረድኳትም ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሊሰማኝ! እማዬ ብቻ ከኋላ መጥታ ከረሜላ ትሰጠኝ ነበር። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ…” እሱም ቆመ።

አማቴ ጎንበስ ብለው ውሃው ውስጥ አተኮሩ። ሐይቁ ጥርት ያለ ነበር፤ ድንጋዮቹ ይታያሉ። የሳሙና ነጭ የማይለቃቸው፣ ሚስታቸው ስንት ዓመት ልብስ የወቀጡባቸው ድንጋዮች ናቸው። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ስንት ቀን ነበር የምትተዋት?” አሉ። ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቶ ሄዷል።

“እንጨቱ እስኪጠግብ ነበር የምትለው።”

“እንግዲያው እስኪጠግብ ጠብቂ” አሉና ለመነሳት እጃቸውን ለልጃቸው ዘረጉ።

እገዳው እስኪነሳ ድረስ ከሰው አልተነጋገሩም። ምሳቸውን ወስጄላቸው “አባባ፣ ይብሉ እንጂ” ስል መስኮቱን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቅጥራን የሚያፈሉበትን የጠቆረ ጣሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ያገላብጡታል። አሳዘኑኝ። ባለቤቴም ብታሸንፍ የአባቷን ኩራት ቀብራ መሆኑ እያሳሰባት እንቅልፍ አጣች።

ጀልባዋ ወጣች። ድንጋዩን አውርደን፣ ውሃውን ቀድተን፣ ውታፉን መልሰን ስናበቃ ጣቴን ያወዛወዝኩበትን ስንጥቅ ፈለግኩት። የለም። መርፌ አያስገባም፤ ይህን የምለው መርፌ ሞክሬ ነው። እንዲህ ያለ ስፌት በሕይወቴ ሰፍቼ አላውቅም።

በዕለቱ ሐይቁ ዳር ሰው ሞላ። ሞተሩን ተሸክሞ የመጣው ፈጣኑ ነው፤ ማንም ሳይለምነው በትከሻው አምጥቶ ከኋላ አሰረላት። አማቴ መጡና ሁላችንም እሳቸው የለመዱትን የኋላ መቀመጫ፣ የመሪውን ቦታ፣ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግን አልፈው ወደ ፊት ሄዱና ሚስታቸው ይቀመጡበት ከነበረው ሳንቃ ላይ ተቀመጡ። “ነይ፣ አስነሺው” አሏት። እኔ መሃል ላይ፣ ውሃ መቅጃ ጣሳ በሁለት እጄ ጨምቄ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አነበነብኩ።

ዞረን ተመለስን። ጣሳዋ ደረቅ ናት፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ እርጥብ የነበረው የኔ ሸሚዝ ብቻ ነው፣ በላብ። ዳር ስንደርስ ሰው አጨበጨበ። ጀልባው የፈነዳበት ጎረቤት ከሁሉ በላይ ጮኸ፦ “አይ አባባ! አሁንም እጅዎ እጅ ነው! ቅጥራን እንደ እርስዎ የሚቀባ አልተፈጠረም!”

ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። አማቴ ግን ከዘራቸውን ተክለው ጀልባዋ ውስጥ ቆሙ።

“የኔ እጅ አይደለም” አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። “ቅጥራኑ ለማሳመር ነበር። ይህቺን ጀልባ ያቆየቻት ሚስቴ ናት። በየዓመቱ እኔ ስሄድ ታሰጥማት፣ ውሃ ታጠጣት ነበር፤ ምስጋናውን በየዓመቱ ስቀበል የኖርኩት እኔ ነኝ። አላመሰገንኳትም፣ አላውቅም ነበርና። ከእንግዲህ ስለ ጀልባ መጠየቅ የሚፈልግ ልጄን ይጠይቅ፣ ከእናቷ ተምራለች።”

ከዚያ ያ ጎረቤት፣ “እና የኔ ጀልባ?” አለ።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእጅህ አይደለም። ይቅር በለኝ” አሉት አማቴ። ሰውየው ሁለት እጆቹን አንስቶ፣ አዲስ ያገኛቸው ይመስል፣ አገላብጦ አያቸው።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሃል ጀርባዋን ሰጥታን ሞተሩ ላይ አጎንብሳ ነበር። ካንዴላውን ፈትታ ታብሳለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ ትፈታለች። ወንድሟ “ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?” ሲላት፣ “ትንሽ ቆሽሿል” አለች፣ ሳትዞር።

እኔ ግን ሚስቴን አውቃታለሁ። ካንዴላው ምንም አልሆነም ነበር።