አራት ጣት ዝቅ

ከምሳ ስመለስ የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። ጋራዡ ውስጥ ታናሽ ወንድሜ የጋዝ ቱቦውን እየጠቀለለ ያፏጫል። ከኋላው የአባዬ መኪና ቁጭ ብሏል። መኪናውን የሚሸከመውን የኋላ ሞላ በእሳት አግሎ ነው ዝቅ ያደረገው። ደሜ ፈላ።

ወንድሜ በያጅ ነው። ሲሠራ ስለሚጣደፍ ሰፈሩ ሁሉ «ሰንበሌጥ» ይለዋል፤ ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ እንዲሉ። የዓለም ችግር በሙሉ በእሳት የሚፈታ ይመስለዋል። ሞላ ሲግል ይልፈሰፈሳል፣ መኪናው ይወርዳል፣ በቃ ተሠራ! የጋለ ሞላ ጉልበቱ እንደሚሞት፣ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ቀጭ እንደሚል ማን ይንገረው?

«ምን አባክ ነው የሠራኸው?» አልኩት።

«አትቆጣ ጋሼ። እየው፣ ወርዷል።»

ወርዷል! ኋላው ብቻ ወርዶ ፊቱ ሽቅብ ቀርቷል፤ የተቀመጠ ውሻ ይመስላል።

«ምን ያስጮህሃል?» የሚል ድምፅ መጣ ከመኪናው ውስጥ። እማዬ ናት። የኋላው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

መኪናው አባዬ ሲሞት ጥሎልን የሄደው፣ ስምንት ሰው የሚጭን ግዙፍ ኤስዩቪ ነው። እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን ያን ከፍታ መውጣት አቃታት። ወንድሜና አንድ ጎረቤት ብብቷን ይዘው ያነሷታል። «እንደ ጆንያ አትጫኑኝ» ትላለች። ታክሲ ሲሏት ደግሞ፣ «ባሌ መኪና ጥሎልኝ ሰው መኪና ውስጥ ምን ልሠራ?» ትላለች። ከአራት ወር በፊት ግድግዳ አጠገብ አቁሜያት እግሯን የቻለችውን ያህል አስነሳኋትና በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። መኪናው አራት ጣት ዝቅ ካለ በራሷ ትወጣለች። ወንድሜ በርካሽ እንሥራው ሲለኝ፣ «ለእናቴ የልመና ሥራ አልሠራም፤ አዲስ ሞላ አስመጣለሁ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ሞላው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች። ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ ስለሆነ የሰው መኪና ሲነሳ ሲወርድ በመስኮቷ ስታይ ትውላለች።

«ውረጂ እማዬ። በዚህ መኪና አትሄጂም።»

«አልወርድም።»

«ሞላው ተበላሽቷል እኮ! መንገድ ላይ ቢሰበርስ?»

«በራሴ እግር ነው የወጣሁት። ከወረድኩ ሌላ አራት ወር ነው።»

ወንድሜ ላይ ዞርኩ። «ሃያ ዓመት መካኒክ ሆኜ፣ እኔን አንድ ቃል አትጠይቅም?»

«ጠይቄሃለሁ፤ አምስቴ! ደንበኛ አለብኝ ነው መልስህ።» እሱም ጮኸ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ከእጥበት ቀርታለች። ከእንግዲህ ሰው አያነሳኝም ብላ። መኪናው ከዚህ ቦታ አልተነቃነቀም፤ አንተ አላየህም!»

አላየሁም። ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ አላየሁም። ያን ጊዜ የእማዬን እግር አየሁ። አብጦ ጫማው አልገባ ብሎ በተረከዟ ረግጣዋለች።

አጠገቤ የነበረውን መፍቻ አንስቼ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። ማንን እንደምሰድብ ጠፋኝ።

ከመደርደሪያው ጀርባ አጫጭር ሞላዎች ነበሩኝ። አንድ ጎረምሳ ልክ እንደኛው ያለ መኪናውን ለቁንጅና ዝቅ አስደርጎኝ፣ በወሩ ሰልችቶት ከፍ ሲያስደርግ ትቷቸው የሄደ። ያገለገሉ ናቸው፤ ግን ምንም አልሆኑም። እነሱን ለእናቴ መግጠም ነው የተጠየፍኩት።

«ለአሥር ሰዓት ቀጠሮሽ ትደርሻለሽ፤ ውረጂ» አልኳት። ፊቴን ትክ ብላ አየችና ወረደች። ወንበር አስመጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ወንድሜ ሳልጠይቀው ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገብቶ አነሳው። ንዴቴ አልበረደም፤ የተቃጠሉትንም ሞላዎች ሳወጣ በልቤ እየሰደብኩት ነበር። በቦታቸው አጫጭሮቹን ገጠምኩ። የመኪናው ፊት ደግሞ ሞላ የለውም፤ የሚሸከመው ረጅም ብረት ነው። ብሎኑን በሁለቱም በኩል እኩል ስታላላው ይወርዳል። አንድ መፍቻ እና ትንሽ ላብ ነው የሚፈልገው፤ በአራቱ ወር ውስጥ በየትኛውም ቀን ከምሳ በፊት ይሠራ ነበር። የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካክዬ፣ ግቢውን ዞሬበት ስመለስ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

እማዬ ተነሳች። የበሩን እጀታ ይዛ እግሯን አነሳች፤ ደረሰ። ሌላውን አስከተለች። ማንም አልነካትም።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጥሩ ነው።»

እጄን ጠርጌ ወደ መሪው በኩል ዞርኩ።

«አንተ ቆይ» አለችኝ። «እሱ ይውሰደኝ።»

የመኪናውን ቁልፍ ለወንድሜ ሰጠሁት። በሯን ልዘጋላት እጄን ስዘረጋ፣ ቀድማኝ ራሷ ሳበችው።