የአያት ውርስ የተባለው ሳንቲም

ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ወርቅ ሠሪው ሱቅ ገባና በመሀረብ የጠቀለለውን ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ፈታ። “ንጹህ ወርቅ ነው፤ የአያቴ ውርስ። ቸግሮኝ እንጂ አልሸጠውም ነበር” አለ።

ወርቅ ሠሪው ማግኔት ቢያስጠጋበት ሳንቲሙ ዘሎ ተለጠፈ። የምር ወርቅ ቢሆን ኖሮ ንቅንቅ አይልም ነበር። ሰውየውን ሊያባርር ሲል፣ ጥግ ላይ በአርቴፊሻል ሳንቲሞች ጌጥ የምትሠራው ሚስቱ “እስቲ እኔም ልየው” ብላ ተቀበለችው። ጠርዙ ላይ በብየዳ የተደፈነ ቀዳዳ አየች። ቀዳዳውን የበሳችው ራሷ ነበረች።

“ወንድሜ፣ አያትዎ ጉትቻ ያደርጉ ነበር እንዴ?” አለችው ኮስተር ብላ።

“ም... ምን?”

“ይሄ የግራ ጆሮ ነው። ባለፈው ወር እኔው ሠርቼ የሸጥኩት። ቀኙን የት አደረሱት?”

ባልየው ሳቁን ለማፈን ባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለ። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ከአውቶቡስ ወንበር ሥር እንዳገኘውና ቀዳዳውን ራሱ እንዳስደፈነው ተናዘዘ። ከዚያ አንገቱን እያከከ “ቀኙን... አሁን መሥራት ይቻላል? ለባለቤቴ ነው” አለ።

ሴትየዋ ወንበር ሳበችለትና መብሻዋን አነሳች። ሰውየው ጥንዱን ጉትቻ ይዞ የወጣው በራሱ እየሳቀ ነበር።