ፌንጣ እና ብርቱካናማው ዲስክ

ጋሽ መነጽር ዓይናቸው ደክሟል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሳቸው ጋሽ መነጽር ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን አፍንጫ ሁሉ መነጽር ሲያሸክሙ ኖረው፣ ዛሬ ከመንገድ ማዶ ያለውን ሰው የሚለዩት በአረማመዱና በሳሉ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ቢሆን «ቶሎ ታከም እንጂ፣ ዓይን ቀልድ መሰለህ?» ብለው ግማሽ ሰዓት ይመክሩት ነበር። ለራሳቸው ግን ርካሽ መድኃኒት አግኝተዋል፤ ዝም ማለት።

መነጽር ቤቱን የሚሠሩት ከልጃቸው ጋር ነው። እሷ ከፊት ክፍል የሰው ዓይን ትመረምራለች፣ እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ማሽናቸው ፊት ተቀምጠው መስታወት ይሞርዳሉ። ከዚያ ማሽን ከተነሱ ቀኑን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ አያውቁትም። ስለዚህ አያስቡትም።

ባለፈው ወር ታዲያ የአንዲት ደንበኛን የቀኝ መስታወት ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ገጠሙላት። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ በወረደች ቁጥር አየር ስትረግጥ ከርማ መጣችና መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራው ሄደች።

«አባዬ፣ እስቲ ና ወንበሩ ላይ ቁጭ በልና ዓይንህን ልየው» አለች ልጅ።

«የእኔን? የእኔ ዓይን ምን ሆነ? መብራቱ ነው!»

«ባለፈው ፍሬሙ ነው ብለህ ነበር።»

«ፍሬሙም ነው!»

«አባዬ፣ ዓይንህ ከደከመ እኮ ማሽኑ ላይ አትቀመጥም። ጣትህን ነው የሚበላህ። አልፈቅድልህም።»

የፈሩት ነገር መጣ። ጋሽ መነጽር ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «እኔ እኮ ዲስክ ወርዋሪ ነኝ!» አሉ። «አርባ ሜትር ላይ ለምትሮጥ ውሻ አፏ ድረስ ዲስክ የሚያደርስ ሰው ዕውር ነው? በይ መልሺ!»

ይህን ስፖርት ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዲስክ የሚባለው የድስት ክዳን የሚያህል ዝርግ ፕላስቲክ ነው። ሰው ይወረውራል፣ ውሻ ሮጦ በአየር ላይ ይይዛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህችን ለመዳኘት ሦስት ዳኛ፣ አንድ ሰዓት ያዥና ማንም አንብቦ ያልጨረሰው መተዳደሪያ ደንብ አለ። ሩቅ የተያዘ ብዙ ነጥብ ያስገኛል፤ ሲይዝ አራቱም እግሩ ከመሬት የተነሳ ውሻ ግማሽ ነጥብ ይጨመርለታል። ታሪኩም ቢሆን የሚያኮራ ነው። ስፖርቱ በዓለም ዘንድ የታወቀው፣ አንድ ወጣት ውሻውን ይዞ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ስታዲየም ጨዋታ መሃል ዘሎ ገብቶ መወርወር ስለ ጀመረ ነው። ሕዝቡ የመጣበትን ጨዋታ ትቶ ውሻውን ሲያይ ቆየ፤ ወጣቱን ፖሊስ ይዞት ሄደ። ዛሬ ዓለም አቀፍ ዋንጫ አለው። ክብር እንዲህ ነው የሚጀመረው እንግዲህ።

አባትና ልጅ ተወራረዱ። በወሩ መጨረሻ በሚደረገው የከተማው ውድድር፣ ከሁለቱ ዙሮች በአንዱ አምስት ወርውረው አምስቱም ከተያዙ፣ እሳቸው ራሳቸው እስኪያነሱት ድረስ ልጅቷ ስለ ዓይናቸው ትንፍሽ አትልም። በሁለቱም ዙር አንድ እንኳ ከወደቀ ግን በማግሥቱ ጠዋት የምርመራው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልጅቷ ቃሏን ሰጠች፤ ቃል ሰጠች ማለት ደግሞ አለቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሻዋ እንምጣ። ስሟ ፌንጣ ነው፤ አመድማ፣ ቀጫጫ፣ ዝንብ ስታልፍ እንኳ ሳትዘል የማትቀር። ካቻምና በነጭ ዲስክ ስትጫወት የሚያመልጣት ነገር አልነበረም። ያመለጠው ጋሽ መነጽርን ነው፤ ነጩ ዲስክ ከእጃቸው በወጣ በሦስተኛው እርምጃ የት እንደገባ መለየት አቃታቸው። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት ስድስት የተለያየ ቀለም ያላቸው ዲስኮች ገዝተው ሣር ላይ ደረደሩና፣ ራቅ ብለው ቆመው አዩ። ወለል ብሎ የታያቸው አንዱ ብቻ ነው፤ ብርቱካናማው። በእሱ ሆነ።

«ለምን ብርቱካናማ?» ብላ ልጃቸው ጠይቃቸው ነበር።

«ለውበት ነው» አሉ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፌንጣ ሰነፈች። ዲስኩ እየመጣባት አፏን ከፍታ ትቆማለች፤ ከጎኗ ጠብ ሲል ደንግጣ ትዘላለች። አልፎ አልፎ ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ ሲሄድ ትይዘዋለች፤ ወደ ሣሩ ዝቅ ሲል ግን እናቷ እንደ ጠፋባት ልጅ ዙሪያዋን ታያለች። ጋሽ መነጽር በንዴት ጦፉ። «ጥጋብ ነው! ሥጋ በልቶ መተኛት! አንቺን ብሎ ውሻ!» ይሏታል። እሷ ደግሞ ጅራቷን እየቆላች ለሚቀጥለው ትሮጣለች። ስድስት ወር ሙሉ ስድብ እየጠጣች ሮጠች፤ አንድ ቀን እንኳ አላኮረፈችም።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ሜዳው በገመድ ታጥሯል፤ ሃያ ሁለት ውሻና ከሃያ ሁለቱ ውሾች ይልቅ የሚጮሁ ሃያ ሁለት ባለቤቶች ተሰልፈዋል። ካቻምናም አምናም ዋንጫውን የወሰደችው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ ትራስ የምታህል ውሻዋን ታቅፋ እንደ ሙሽራ ትንጎራደዳለች። ዋናው ዳኛ የከተማው የእንስሳት ሐኪም ነው። ልጅቷ ገመዱ ጥግ ቆማለች።

አንደኛው ዙር የጋሽ መነጽር መሳቂያ ሆነ። አምስት ወረወሩ፣ አንድ ተያዘ። የቀሩት አራቱ ፌንጣ ፊት ለፊት፣ አንዱማ አፍንጫዋ ሥር፣ ዝርግፍ ብለው ወደቁ። ሕዝቡ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ለእሳቸው ያ ባሰ።

በእረፍቱ ሰዓት ሐኪሙ ዲስኩን እያገላበጠ መጣ። «ጋሼ፣ ይህን ቀለም የመረጠልዎ ማነው?»

«ማን ይመርጥልኛል? እኔው ነኝ። ቀለም አላውቅም ልትለኝ ነው?»

«ውሻ እኮ ብርቱካናማን ከሣር አይለይም ጋሼ። ለእርስዎ እሳት ይመስላል፤ ለእሷ ሣር ላይ የተወረወረ ሣር ነው። ያቺን አንዷን የያዘቻትም ሰማይ ላይ ከፍ ብላ ስለሄደች ይሆናል።»

ጋሽ መነጽር ኩም አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ለሰው ዓይን መነጽር ሠርተው፣ የራሳቸውን ደብቀው፣ የውሻዋን ረሱት። ስድስት ወር የማይታይ ነገር እየወረወሩባት «ሰነፍ» ሲሏት መክረማቸው ትዝ አላቸው። ጎንበስ ብለው ጆሮዋን አሻሹላት። እሷ ልትጫወት የጠሯት መስሏት እጃቸውን ላሰችው።

«እንኩ የእኔን ሰማያዊ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ሰማያዊ አሳምራ ታየዋለች። መቼም በእሱ ያሸንፉኛል ብዬ አልሰጋም።»

ተቀበሏት። እጃቸው ላይ ሆኖ ሰማያዊ ነው፤ ይታያል። ለሙከራ ትንሽ ወርወር ሲያደርጉት ግን እልም አለ፤ ሰማይ ዋጠው። ነገሩ ያኔ ገባቸው። በብርቱካናማው እሳቸው ያያሉ፣ እሷ አታይም። በሰማያዊው እሷ ታያለች፣ እሳቸው አያዩም። ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ «እጄን ወለም አለኝ» ብሎ መውጣት። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፌንጣ ሰማያዊውን ዲስክ ከሣሩ ላይ በአንድ ዝላይ አንስታ መጥታ፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፋው ሽቅብ አየቻቸው።

«እሺ በቃ» አሏት። «አንዳችን እንኳ እንይ።»

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። የመጀመሪያውን ወረወሩ፤ ክንዳቸው ሥራውን ያውቃል፣ ለእጅ መነጽር አያስፈልገውም። ፌንጣ ተፈተለከች፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ እሷም እንደ ዲስኩ ደብዝዛ ጠፋች። ከዚያ ጭብጨባ መጣ። ይዛለች ማለት ነው! የእግሯን ኮቴ ሰሙ፣ ዲስኩ እጃቸው ላይ ገባ። ሁለተኛው፣ ጭብጨባ። ሦስተኛው፣ ጭብጨባና ፉጨት። ጋሽ መነጽር ያላዩትን ነገር እንዳየ ሰው አንገታቸውን ደፋ እያደረጉ እጅ ነሱ። እንዲያውም በአራተኛው ላይ ኮታቸውን አስተካከሉ። አይ ጋሽ መነጽር!

አንድ ቀረ። ታዲያ ያን ማንም ያላነበበውን ደንብ ሐኪሙ አንብቦት ኖሯል፤ የመጨረሻው ውርወራ ሲሆን ዳኛው የውሻዋን እግር በጥሞና እንዲያይ ተመልካች ድምፅ አያሰማም፣ ውሻዋም ርቀቱ እስኪለካ ባለችበት ትጠብቃለች። «ጸጥታ!» አለ።

ጋሽ መነጽር ባላቸው አቅም ሁሉ ወረወሩ። ኮቴዋ እየራቀ ሄደ፣ ጠፋ። ሰዓት ያዡ ደወሉን ደወለ። ከዚያ ምንም የለም። ጭብጨባ የለም፣ ፉጨት የለም። ፊት ለፊታቸው አረንጓዴ ነገር አለ፣ ከእሱ ወዲያ ደግሞ ሌላ አረንጓዴ። ዳኛው እስኪናገር ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ዓይናቸውን ሸሽገው ለሁለት ዓመት የታገሡ ሰው ናቸው። አሁን ግን አልቻሉም፤ ውርርዱን ረስተውት ነበር፣ የፈለጉት የፌንጣን ነገር ማወቅ ብቻ ነው። ፊታቸውን ወደ ገመዱ መለሱና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ያዘች?»

ፌንጣ ከሜዳው መሃል፣ ሰማያዊውን ዲስክ በአፏ ነክሳ፣ ሰው ሁሉ እያያት ቆማለች። ልጅቷ ውሻዋን አየች፤ አባቷን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያዘች አባዬ» አለች።

«በአየር ላይ ነው?»

«አራቱም እግሯ።»

ዳኛው አምስት ከአምስት ብሎ አወጀ፤ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዲስኳን ማዋሷን እያሰበች ፊቷን አጠቆረች። ሰው እየመጣ የጋሽ መነጽርን እጅ ጨበጠ፤ «እንዴት ያለ ዓይን ነው ያለዎት!» ያላቸውም አልጠፋ። ልጅቷም መጥታ አቀፈቻቸው። ገብቷታል፤ እንደገባት እሳቸውም ገብቷቸዋል። ትናገራለች ብለው ጠበቁ። አልተናገረችም። ቃል ሰጥታለቻ! ይህቺ ልጅ ቃል አክባሪነቱን ከማን እንደወረሰች እንጃ፤ ከአባቷ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

እንግዲህ አሸነፉ። ነገ ጠዋት ማሽናቸው ፊት ይቀመጣሉ፤ ከልካይ የለባቸውም። የሚሽከረከረውን ድንጋይ አሰቡ፣ ወደ እሱ የሚጠጋውን ጣታቸውን አሰቡ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አፏን ይዛ ጆሮዋን የምታቆመውን ልጃቸውን አሰቡ። ደስታው ይመጣል ብለው ትንሽ ቆሙ። አልመጣም። ይልቅ ፈሩ፤ ከልባቸው ፈሩ። ነገሩን ሊያነሱ የሚችሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ልጄ» አሉ።

«አቤት አባዬ።»

«መውጫው በየት በኩል ነው?»

መውጫው ከፊታቸው ነበር፤ በቀይና በቢጫ ጨርቅ ተሸልሞ፣ ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም። ልጅቷ አላመለከተችም። ክንዷን ሰጠቻቸውና «በዚህ በኩል ነው፣ ና» ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

ጋሽ መነጽር ክንዷን አጥብቀው ያዙ። «ምን ያስለቅስሻል?» አሉ፤ «ያሸነፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»