ሲሰጡት የሚያድግ ጉድጓድ

ሸሪፍ ሚኒባሱን በአንደኛ ማርሽ እያስጓራ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ፣ ልጁ ዘሙሩድ ከጎኑ ተቀምጣ ንግግሯን ትለማመዳለች። የጠፈር ጥናት ማዕከሉ ለሕዝብ በአማርኛ የሚያስተምር ሰው ዛሬ ይመርጣል፤ እሷም ቦታውን አጥብቃ ትፈልገዋለች።

"ጥቁር ጉድጓድ የቀረበውን ሁሉ እየዋጠ ያድጋል" አለች።

"ቆይ! እንቆቅልሹን ረሳሽው? ሲቀንሱለት የሚያድግ፣ ጉድጓድ! ያንቺው እንዴት ሲሰጡት ያድጋል?"

ዘሙሩድ ሳቀች። "ስሙ ነው እንጂ አባዬ፣ የተቆፈረ ነገር የለም። ብዙ ነገር በጠባብ ቦታ ታጭቆ ነው፤ ብርሃን እንኳ አያመልጠውም።"

"ሱብሃነላህ!" ሸሪፍ ሲደነቅ ክላክስ መንካት ልማዱ ነው፤ ነካው። "ታዲያ ምኑ ቸገራችሁ?"

"ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች፣ ከፀሐይ ሚሊዮን እጥፍ የሚከብዱ ነበሩ። መቼ በልተው መቼ ደረሱ?"

ሸሪፍ ላምበረት ዕቃ ሲያመላልስ ኖሯል፤ ነጋዴ አይቷል። "አንዱ ከሱቅ በደረቴ ተነስቶ፣ ሌት ተቀን ለፍቶ ያድጋል። ሌላው ሲጀምርም ባለ መጋዘን ነው። የእናንተዎቹ የትኞቹ ናቸው?"

"ክርክሩ እሱ ነው! ከሞተ ኮከብ በቀረ ትንሽ ዘር ተነስተው ያለ ልክ በሉ ወይስ ግዙፍ የጋዝ ደመና በአንዴ ተደርምሶ ትልቅ አድርጎ ወለዳቸው? እኔ ባለ መጋዘን ናቸው ብዬ ጽፌያለሁ።"

"አረጋግጠሻል?"

"አላውቅም ካልኩ ማን ይመርጠኛል?"

ሸሪፍ ዞር ብሎ አያትና ወደ ማዕከሉ ግቢ ታጠፈ።

አዳራሹ ውስጥ ዳኞቹ ከፊት፣ ሸሪፍ ከኋላ ተቀመጡ። ዘሙሩድ ወረቀቷን እንደያዘች "እንቆቅልሽ!" አለች። ዳኞቹ ተያዩ። ከኋላ ግን አንድ ወፍራም ድምፅ "ምን አውቅልሽ!" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ሲሰጡት የሚያድግ ጉድጓድ፣ በጨቅላነቱ የገዘፈ፤ እንዴት አደገ?"

ሁለቱንም መንገድ በአባቷ የላምበረት ነጋዴዎች ምሳሌ አስረዳች። ሰማዩ እንዲህ ሲነገር ሸሪፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር ለይኩን በጨዋታው ተስቦ፣ "ተሸነፍን፤ ላምበረትን ሰጠንሽ። መልሱስ?" አላት።

መልሱ ወረቀቷ ላይ አለ። ዘሙሩድ አባቷን አየችና ወረቀቱን አጠፈችው።

"ላምበረት ሄጄ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ ሁሉ በደጄ" አለች እየሳቀች። "መልሱ ግን በእጄ የለም፤ እስካሁን በማንም እጅ የለም። ስለዚህ አገራችሁን መልሻለሁ። ኑና አብረን እንፈልገው።"